ኩፍር ዳሊያ የሄድንበት ዓርብ

ከአራታችን የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ብዙ ዓመት ይህን ነገር እንደ ሜዳሊያ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ኖሬያለሁ።

ያኔ የምንኖረው ዘርቃ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነበር። ሁለት ታላላቅ ወንድሞችና ገና ጡት ያልጣለ አንድ ታናሽ ነበሩኝ፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ስሜ ዊጅዳን ነው። አባቴ ሩሽዲ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነበር። በነጭ መኪናው ከመንደር መንደር እየዞረ የሴቶቹን ማሽን ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ይገጥማል። የመኪናው የኋላ ወንበር ሁልጊዜ የማሽን ዘይት ይሸታል። እኔ የዓለም አባቶች ሁሉ እንደዚያ የሚሸቱ ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ዓመት በሞላኝ በጋ አባቴ ለሁለት ሳምንት ከቤት ጠፋ። "ዐቀባ ወደብ ሥራ አግኝቶ ነው" አለችኝ እናቴ። ሲመለስ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ጢሙ አድጎ ነበር፤ ከባሕር ዳርቻ ለመጣ ሰው ፊቱ ነጭ ነው። ከባሕሩ ምን አመጣህልኝ ብዬ ኪሱን ስበረብር እጄን ይዞ ከኪሱ አወጣው። መኪናዋ ከእሱ በኋላ በሌላ ሰው ተነድታ መጣች። የቀኝ መብራቷ አዲስ ነበር፤ ከግራው ይልቅ ያብረቀርቃል። ታላቅ ወንድሜ ሙኒርን ምን ሆና ነው ብዬ ብጠይቀው "ድንጋይ መቷት ነው፣ ምን አገባሽ" አለኝ።

ዐቀባ አልሄደም። ፖሊስ ጣቢያ ነበር የከረመው፤ ለቅጣትም ለጥበቃም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአባቴ አጎት ሐጅ ሙፍሊሕ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ሐጅ ሙፍሊሕ ሲናገሩ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚመቱ ሰው ነበሩ። እኔ ከበሩ ጀርባ ታናሼን አቅፌ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጥፌያለሁ።

"ልጅቷን ይዞ ይምጣ" አሉ ሐጅ ሙፍሊሕ። "ሴት ልጁን በእጁ የያዘ ሰው ላይ ማንም ድምፁን አያነሳም።"

"ልጄ በግ አይደለችም" አለች እናቴ ኢንሳፍ።

"ማን በግ ናት አለ? እንግድነት ነው የምትሄደው። በልታ ጠጥታ ትመለሳለች።"

"ከወንዶቹ አንዱን ውሰዱ።"

"ወንድ ካዩ የባሰ ይነድዳሉ። ሴት ልጅ ናት የምታበርድ። የነዚያን ሰዎች ሆድ አስቢ እንጂ ኢንሳፍ፣ ባልሽን እኮ ነው የምናተርፈው።"

እናቴ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ሕፃኑ አለቀሰብኝ። የሰማሁት ግን በቂዬ ነበር። ድግስ አለ፣ እኔ ተጠርቻለሁ፣ እናቴ ደግሞ ሕፃኑን እንዳባብልላት ልታስቀረኝ ፈልጋለች። ተቀየምኳት። በማግስቱ ጠዋት ስታጥበኝና ስታበጥረኝ አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም። ማበጠሪያውን ሁለቴ ጣለችው፤ ስታበጥርም ጠጉሬን ትነጨዋለች። ሆን ብላ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰማያዊ ጥብጣብ ያለበት ነጭ ቀሚሴን አልብሳኝ ትከሻዬን ያዘች።

"ከአባትሽ እጅ አትለቂ። ምንም አትጠይቂ። ምንም ነገር ስጡኝ አትበዪ። ሰማሽኝ?"

አኩርፌ ራሴን ነቀነቅኩ።

አሥራ ሁለት መኪና ሆነን ሄድን። አባቴ መሪውን ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶ ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጠ። ይህ ገርሞኝ ነበር፤ መኪናዋን ሌላ ሰው ሲነካት የማይወድ ሰው ነው። ሐጅ ሙፍሊሕ ከፊት ሆነው በየመታጠፊያው ይጸልያሉ። ጀረሽን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይጠማዘዛል። ግራና ቀኝ የባሉጥ ዛፍ ብቻ ነው። የማሽኑ ዘይት ሽታ፣ የሐጅ ሙፍሊሕ ሽቶ፣ ሙቀቱ ተደማምረው ሆዴን ያገላብጡት ጀመር። አትናገሪ ስለተባልኩ አልተናገርኩም።

ኩፍር ዳሊያ አንዲት አውራ መንገድ ያላት ከተማ ናት። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፤ ከየጣራው ላይ የወይን ሐረግ ተንጠልጥሎ መንገዱን ሊነካ ይደርሳል። ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ዓርብ ስለሆነ ነው አልኩ። ሰገነት ላይ የቆሙ ልጆች አየሁና እጄን በመስኮት አውጥቼ አውለበለብኩላቸው። አንዳቸውም አልመለሱልኝ። የገጠር ልጆች ዓይን አፋር ናቸው አልኩ። አንድ ዳቦ ቤት አጠገብ ስንደርስ ሹፌራችን ፍጥነቱን በጣም ቀነሰ፤ አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። "አባዬ፣ ደረስን" ብዬ ቀሰቀስኩት። እጄን እስኪያመኝ ጨመቀው፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም።

ከመኪናው እንደወረድን ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጣ። ነጩ ቀሚሴ፣ ጥብጣቡ፣ ጫማዬ ሳይቀር ተበላሸ። ሰዎቻችን ሃምሳ ያህል ይሆናሉ፤ የራስ መሸፈኛቸውን የሚያስሩበትን ጥቁር ገመድ አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በዝግታ ወደ አንድ ትልቅ ድንኳን እየሄዱ ነበር። እኔ መሃላቸው ቆሜ እጮሃለሁ። አባቴ ጎንበስ ብሎ በመሐረቡ ሊጠርገኝ ሲሞክር ሐጅ ሙፍሊሕ "ወደ ሴቶቹ ላካት፣ ቶሎ፣ ቶሎ" አሉት። አባቴ እጄን ለቀቀ። እኔ አልለቀቅኩም፣ እሱ ነው የለቀቀኝ፤ ለእናቴ በኋላ እንደዚህ ብዬ ነገርኳት።

የሴቶቹ ቤት በጓሮ በኩል ነው። በር ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች፣ ሰፋፊ እጆች ያሏት ሴት ቆማለች። የጋዚ እናት ይሏታል፤ የበኩር ልጇ ጋዚ ነው። ከላይ እስከ ታች ስታየኝ ቆየች። ፊቷ ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ አልገባኝም። በቀሚሴ የተነሳ መስሎኝ አፈርኩ።

"ዐብላ፣ እጠቢያት" አለች።

ዐብላ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጇ ናት። ከጉድጓዱ ውኃ እየቀዳች በጣሳ እግሬ ላይ አፈሰሰችልኝ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ደስ አለኝ፤ ምላሴም ተፈታ።

"የትኛዋ መኪና ናት የናንተ?" አለችኝ።

"ነጯ። አዲስ መብራት ያላት። አባቴ ሲነዳት ማንም አይቀድመውም። አንድ ቀን ኢርቢድ የሚሄደውን አውቶቡስ ዳገት ላይ ጥሎት አለፈ።"

ዐብላ ጣሳውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው።

"አውቃታለሁ" አለች።

"እንዴት አወቅሻት?"

"አይቻታለሁ።"

የመኪናችን ዝና እዚህ ድረስ መድረሱ አኮራኝ። ይህን ስጽፍ ቃሉ እጄ ላይ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው፣ ኮራሁ።

ክፍሉ ውስጥ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የሚበላ የለም፣ የሚስቅ የለም። ከወዲያ የበግ ሥጋ በእርጎ ሲንተከተክ ይሸታል። የጋዚ እናት እርጥብ ልብሴን አወለቀችና በፎጣ ጠቅልላ ጉልበቷ መሃል አቆመችኝ።

"ስምሽ ማነው?"

"ዊጅዳን።"

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ስምንት። በረመዳን ዘጠኝ ይሞላኛል።"

"አቻ ናቸው" አለች ከግድግዳው በኩል አንዲት ሴት። ከማን ጋር እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ የእናቴ ትእዛዝ ትዝ አለኝና ተውኩት።

የጋዚ እናት ተነሥታ ጥግ ያለውን ሣጥን ከፈተች። አማቷ፣ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት፣ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

"አንቺ ሴት፣ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልብሷ ቆሽሿል፣ አያዩም? እንግዳ በፎጣ አይቀመጥም።"

"በአላህ ተይ።"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለች የጋዚ እናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ለራሷ የምታወራ ይመስላል። "ይኸው አርባ ቀን ወንዶቹ ሲመላለሱ፣ ሲጠያየቁ። የነሱ ሽማግሌ የኛን ሽማግሌ ጠየቀ፣ የኛ ሽማግሌ የጋዚን አባት ጠየቀ። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ይህንንም የተረዳሁ መሰለኝ። እናቴም አባቴ ሳይነግራት እንግዳ ይዞ ሲመጣ እንዲሁ ነው የምትለው። ይሄን ሁሉ ሰው ሳያማክሯት ጠርተውባታል ብዬ አዘንኩላት።

ከሣጥኑ ያወጣችው ቢጫ ቀሚስ ነው። ደረቱ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ ነው፤ ጫፉ ልጅ ስታድግ እንዲለቀቅ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። አለበሰችኝ። ልክክ አለ። ከክፍሉ አንዲት ሴት ተነሥታ ወጣች።

"የማን ነው?" አልኩ። በቃ፣ መጠየቅ ጀመርኩ።

"የታግሪድ" አለች ዐብላ።

"ታግሪድ ማናት?"

"እህቴ።"

"የት ሄደች?"

ዐብላ በመስኮቱ በኩል ኮረብታውን በአገጯ አመለከተች። "ላይ ናት።"

ኮረብታው ላይ ትንንሽ ነጫጭ ድንጋዮች ይታያሉ። የላይኛው ሰፈር ዘመድ ቤት ሄዳለች ማለት ነው። ይህን ድግስ ትታ መሄዷ ሞኝነት መሰለኝ።

"ማበጠሪያ" አለች የጋዚ እናት። ጠጉሬን በውኃ አርሳ፣ መሃል ለመሃል ከፍላ፣ ሁለት ጉንጉን ሠራችልኝ። እናቴ እንደነጨችው አልነጨችም፤ ማበጠሪያውም ከእጇ አልወደቀም። ስትጨርስ አፍንጫዋን አናቴ ላይ አሳርፋ ቆየች። ትንፋሿ ይሞቃል። እኔም ይቺ ሴትዮ ወደደችኝ አልኩ። ከዚያ ወደ በሩ አዞረችኝ።

"ወደ ድንኳኑ ሂጂ። በመሃል ሂጂ፣ በጠርዝ እንዳትሄጂ። ራስጌ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አለ፤ የጋዚ አባት እሱ ነው። ፊቱ ቁሚና 'ታውቀኛለህ?' በዪው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዝም በዪ።"

ጨዋታ ነው። እንቆቅልሽ። እሮጥ ጀመር።

ድንኳኑ ውስጥ መቶ ሰው ይሆናል፣ አንድም የሚያወራ የለም። ሰዎቻችን በአንድ ወገን፣ የከተማው ሰዎች በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። ከሐጅ ሙፍሊሕ ፊት መሬቱ ላይ አንድ ስኒ ቡና ተቀምጧል። አልጠጡትም፤ በርዶ ጥቁር ሽፋን ሠርቷል። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ያኔ አላውቅም ነበር፤ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው የቤቱን ጌታ ቡና የሚቀምሰው "እሺ" ከተባለ በኋላ ነው። ያ ስኒ ከተቀዳ አንድ ሰዓት አልፎታል። የጋዚ አባት እሺ አላለም።

በመሃል ሄድኩ። የጋዚ አባት ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ ገበሬ ነበር። ፊቱ ቆምኩ።

"ታውቀኛለህ?" አልኩት።

አየኝ። ቀሚሱን አየ፣ ጉንጉኖቹን አየ፣ ከዚያ ፊቴን። እኔ መልሱ የጠፋው መስሎኝ ፍንጭ ልሰጠው ፈለግሁ። ዝም በዪ የተባልኩትን ረሳሁ። የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ አንዴ ዞርኩ፣ ሁለቴ ዞርኩ። ቢጫው ጨርቅ እንደ ጃንጥላ ተከፈተ። ስዞር አባቴን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ስቄ "አባዬ፣ እየኝ" አልኩት።

የጋዚ አባት የራስ መሸፈኛውን ጫፍ ስቦ ፊቱን ሸፈነ።

ሐጅ ሙፍሊሕ በጉልበታቸው ተነሡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲህ ፈጥነው ሲነሡ አይቼ አላውቅም።

"ሰዎች ሆይ፣ ምስክር ሁኑ" አሉ። "እናትየው ከሁላችንም ቀድማ ተናገረች። የልጇን ልብስ ለልጃችን አለበሰች። ከዚህ በላይ ምን ይቅርታ አለ? የጋዚ አባት፣ ሚስትህ በከፈተችው በር አስገባን።"

ከከተማው ሰዎች መሃል ማጉረምረም ተነሣ፤ ከዚያ "ማሻላህ"፣ ከዚያ "ልበ ሰፊ ሴት" የሚል ድምፅ። የጋዚ አባት ፊቱን ሳይገልጥ እጁን ወደ ስኒው ዘረጋ።

"ቡናችሁን ጠጡ" አለ።

ሐጅ ሙፍሊሕ በርዶ የነበረውን ቡና በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ተቃቀፈ። አባቴን ገፍተው ወደ ጋዚ አባት አመጡት፤ አባቴ ጎንበስ ብሎ የካባውን ጫፍ ሳመ። በዚያች ሰዓት ከሴቶቹ ቤት አንድ ረጅም ድምፅ ተሰማ። እልልታ መሰለኝ። ጨዋታውን ስላሸነፍኩ እልል ያሉልኝ መሰለኝ፤ እኔም ከዚህ ሆኜ በምላሴ እልል ለማለት ሞከርኩ።

ምሳ ቀረበ። ሥጋውና ሩዙ እርጎ ፈሶበት በትላልቅ ትሪ መጣ። አባቴ አንድም ጉርሻ አልዋጠም፤ ለኔ ግን ከአጥንቱ እየፈለቀቀ አጎረሰኝ። ጠግቤ በላሁ። ያልተጠየቀችው ሴት ያበሰለችውን ሥጋ፣ የልጇን ልብስ ለብሼ፣ ጣቴን እየላስኩ በላሁ።

ልንሄድ ስንል ነጩን ቀሚሴን ላመጣ ወደ ሴቶቹ ቤት ተመለስኩ። ሴቶቹ ተበትነዋል። የጋዚ እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ዐብላ እርጥብ ልብሴን በከረጢት አድርጋ አቀበለችኝ። ቢጫውን ማውለቅ ነበረብኝ፤ አልፈለግሁም። እናቴ "ምንም ነገር ስጡኝ አትበዪ" ያለችው ትዝ ይለኝ ነበር፤ አሁንም እምላለሁ፣ ትዝ እያለኝ ነው የጠየቅሁት።

"ይሄን ለብሼ ልሂድ?" አልኩ። "ለታግሪድ 'እጠነቀቅለታለሁ' በዪልኝ። ከላይ ስትመጣ እኛ ቤት ትምጣና የኔን ትምረጥ።"

የጋዚ እናት አልዞረችም።

"ውሰጂው" አለች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሐጅ ሙፍሊሕ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። "ይቺ ልጅ ናት የፈታችው" ይላሉ፣ ወደ ኋላ ዞረው ጉንጬን እየቆነጠጡ። "አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ስንገፋ፣ እሷ በጣቷ ነካችው።" አባቴ ዳቦ ቤቱን ካለፍን በኋላ "አቁም" አለ። ወርዶ ጀርባውን ሰጥቶን ባሉጥ ዛፍ ተደግፎ ቆየ። እሱንም መንገዱ ያገላበጠው መስሎኝ በመስኮት አንገቴን አወጣሁ።

"አባዬ፣ ጥሩ አደረግኩ?"

ተመልሶ ገባ። በሩን ዘጋ።

"አዎ" አለኝ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችን። ቢጫውን ቀሚስ ስታይ ያቀፈችውን ሕፃን ለሙኒር ሰጠች። ጨዋታውን፣ እንቆቅልሹን፣ እልልታውን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ቀሚሱን ከላዬ አውልቃ ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሦስት ቀን አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች፤ እኔ ግን በእልህ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

መኪናዋ ተሸጠች። አባቴ ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ ነው የዞረው፤ የመፍቻ ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ለምን እንደሆነ ጠይቄው "ዓይኔ ደክሟል" አለኝ። አመንኩት።

እውነቱን ያወቅኩት አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። ከሙኒር ጋር በሆነ በማይረባ ነገር ተጣልተን "አባዬ ከሁላችሁም እኔን ነው የመረጠው፣ ኩፍር ዳሊያ የወሰደው እኔን ነው" አልኩት። ያ ነገር ሁልጊዜ የመጨረሻ ጥይቴ ነበር። ሙኒር ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋርጦ ሁሉንም ነገረኝ። ዳቦ ልትገዛ የተሻገረች የስምንት ዓመት ልጅ። አዲስ መብራት። በበቀል አንድ ሰው እንዳይገደል፣ አንድ ቤት እንዳይፈርስ በእጅ ተይዛ የምትወሰድ ልጅ። "የመረጠሽ እሱ አይደለም" አለኝ። "ሐጅ ሙፍሊሕ ናቸው። እሱ አላህ ያውቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ አትውሰዱብኝ ሲል ነበር።"

ያን ቀን በሬን ዘግቼ ዋልኩ። አባቴን ግን ምንም አላልኩትም። እሱም አላለኝም። ሠላሳ ዓመት አንድ ማዕድ በልተናል፤ ስለዚያ ዓርብ ቃል ሳንተነፍስ ባለፈው የካቲት ቀበርነው።

ከቀብሩ ስድስት ወር በኋላ፣ በለስ በሚበስልበት በነሐሴ፣ ብቻዬን መኪናዬን ይዤ ወደ ሰሜን ነዳሁ። ባሌን ዐጅሉን ከተማ የትምህርት ቤት ስብሰባ አለብኝ ብዬ ዋሸሁት። አስተማሪ ነኝ፤ ስብሰባ አያጣኝም። ኩፍር ዳሊያ ሰፍታለች፤ ፎቅ ቤቶች፣ የሞባይል ሱቆች አሉ። የጋዚን እናት ቤት ማንንም ሳልጠይቅ አገኘሁት። ድንኳኑ የቆመበት ሜዳ ላይ ጋራዥ ተሠርቶበታል።

በር ላይ ከወይኑ ሐረግ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው የወይን ቅጠል ይለቅማሉ። አርጅተዋል። እጆቻቸው ግን እንደዚያው ሰፋፊ ናቸው።

"ሰላም ለርስዎ ይሁን እናቴ" አልኩ።

"ላንቺም ይሁን። ማነሽ?"

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ከዘርቃ እስከዚያ ድረስ የምናገረውን ደጋግሜ ሳጠና ነው የመጣሁት።

"መንገደኛ ነኝ" አልኩ። "መንገድ ጠፍቶብኝ ነው።"

"ያልጠፋበት እዚህ አይመጣም" ብለው ፈገግ አሉ። "ተቀመጪ። ፊትሽ ገርጥቷል። ይሄ መንገድ ሆድ ያገላብጣል።"

አንድ ሣህን በለስና ቀዝቃዛ ውኃ አስመጡልኝ። ልጆች አሉሽ አሉኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ አልኩ። አላህ ያሳድግልሽ አሉ።

"እርስዎስ?"

"ስድስት ወልጃለሁ። አምስቱ አሉ።"

ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም።

"ስድስተኛው?"

ቅጠሉን ከቅጠሉ ላይ እየደረቡ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ ነገሩኝ።

"መኪና ገጫት። አርባ ቀን ሲሞላት የሰውዬው ወገኖች በመኪና በመኪና ሆነው መጡ። አንዲት ልጅ ይዘው ነበር፤ አቻዋ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም የልጄን ልብስ አልብሼ ላክኋት፣ ይዩት ብዬ። ምንን በምን እንደምትለውጡ እዩት ብዬ። እነሱ ግን ይቅር አለች አሉ። ባሌ እንኳ እስኪሞት 'አንቺ እኮ ነሽ ይቅር ያልሽው' ሲለኝ ኖረ።" አንድ የተቀደደ ቅጠል ለይተው ጣሉ። "እኔ ይቅር አላልኩም ነበር።"

የያዝኩትን በለስ ሣህኑ ላይ መለስኩት።

"ያቺ ልጅ ደግሞ ጨፈረች። እዚያ መሃል፣ በልጄ ቀሚስ። ሰባት ዓመት ረገምኳት። መካ ስሄድ ነው የተውኩት። ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች ብዬ እሷን ለአላህ ተውኩለት።"

"መልካም አደረጉ" አልኩ። የወጣኝ ቃል ይህ ነው።

"አሁን ግን ትልቅ ሴት ሆናለች" አሉ። "አሁን ታውቃለች።"

"መጥታ ታውቃለች?"

"ማን? እሷ? አልመጣችም። አባቷም ሽማግሌዎቹም አልመጡም። ዕርቅ ነው ብለው በልተው ከሄዱ በኋላ በዚህ በር የገባ የለም።" ቀና ብለው አዩኝ። "ብትመጣ ምንም አልላትም ነበር። ይህን የማወራው ሰው ነው ያጣሁት። ያንን ቀሚስ ከልጄ ሌላ የለበሰች እሷ ብቻ ናት።"

ያች ደቂቃ ነበረች። አፌን ከፈትኩ። ጎረቤት አንድ ሰው የብረት በር ዘጋ፤ የሆነ ቦታ ሬዲዮ ያወራል።

"ወደ ዐጅሉን የሚወስደው መንገድ በየት በኩል ነው?" አልኩ።

ይተዉ፣ ከዚህ ሆነው ያሳዩኝ ብላቸው እምቢ አሉ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ገፍተው ተነሡና ክንዴን ተደገፉ። መንደር ለመንደር አንድ መቶ እርምጃ ያህል፣ በየአሥሩ እርምጃ እያረፉ፣ እስከ መጋጠሚያው ድረስ ሸኙኝ። ዐጅሉን የሚወስደውን መንገድ ከእጄ መዳፍ በላይ አውቀዋለሁ።

"ቀኝ ቀኙን ያዢ" አሉኝ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ሁለት ቦታ ይከፈልብሻል፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀኙን። ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ልጆች ይሻገራሉ። ስትመለሺ ከመሸብሽ እኔ ዘንድ እደሪ።"

"እሺ" አልኩ።

ስሜን አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።